«ከ1957 ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም» ያሉኝ ሳንቲሞች

ሳንቲም የምትሰበስቡ ወገኖች፣ በተለይ እዚህ አሜሪካ ያላችሁ፣ ቀጣዩን ግዢ ከመፈጸማችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። እኔ 260 ዶላር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነጻ ውሰዱት። (ባለቤቴ ካነበበችው፣ ፊት ያለችው 2 በስህተት የገባች ናት።)

ባለፈው ጸደይ ቨርጂኒያ ውስጥ የሳንቲም ባዛር ሄጄ ነበር። አንዱ ሻጭ ጠረጴዛ ላይ ቡናማ ፖስታ አየሁ። ውስጡ የአሜሪካ መንግሥት የሳንቲም ማምረቻ በ1957 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለሰብሳቢዎች ያወጣው ስብስብ ነው። ፔኒ (1 ሳንቲም)፣ ኒክል (5)፣ ዳይም (10)፣ ኳርተር (25) እና ግማሽ ዶላር፣ ከፊላደልፊያም ከዴንቨርም፣ ሁሉም ሁለት ሁለት። በጠቅላላው 20 ሳንቲም፣ በተበሳ ካርቶን ላይ ተደርድሮ። ሱቅ ሄዳችሁ ብትገዙበት 3 ዶላር ከ64 ሳንቲም ነው የሚያወጣው።

ሰውዬው ጨዋ ሽማግሌ ናቸው። «ማሸጊያው ኦሪጅናል ነው፣ ከ1957 ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም» አሉኝ። ካርቶኑ የአሮጌ መጽሐፍ ሽታ አለው። ግማሽ ዶላሮቹ ደግሞ ትናንት የወጡ ይመስል ቦግ ብለዋል። ሳልከራከር ከፈልኩ።

የተሸወድኩት በዚያ ብልጭታ ነው።

ቤት ገብቼ መብራት ስር ሳያቸው ፔኒዎቹ ጠቁረው ወደ ወይን ጠጅ ሄደዋል። ዳይሞቹ ጠርዛቸው ላይ ወርቃማና ሰማያዊ ቀለበት አውጥተዋል። ኳርተሮቹና ግማሽ ዶላሮቹ ግን ነጭ ናቸው። ዳይምና ኳርተር በዚያ ዘመን ሁለቱም 90 በመቶ ብር፣ 10 በመቶ መዳብ ነበሩ። (ብር ስል ብረቱን ማለቴ ነው።) አንድ ካርቶን ውስጥ ከ60 ዓመት በላይ አብረው ኖረው፣ አንዱ ተለውጦ ጎረቤቱ እንዴት ሳይነካው ይቀራል?

አጉሊ መነጽር አመጣሁ። ግማሽ ዶላሩ በጀርባው የነጻነት ደወል አለው። ከደወሉ ሥር እንባ የወረደበት ጉንጭ የመሰለ ደብዛዛ መስመር አየሁ። አሲድ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ በደንብ ያልታጠበ ሳንቲም እንዲህ ያለ ምልክት ይቀርበታል። ከዚያ መብራት ስር አዞርኩት። ያልተነካ ሳንቲም ስታዞሩት ብርሃኑ ፊቱ ላይ አብሮ ይዞራል። የእኔው እንደ አሉሚኒየም ድስት ክዳን ዝም ብሎ ያበራል። ካርቶኑን ዘንበል ሳደርገው አንዱ ኳርተር ወለል ላይ ወደቀ። ቀዳዳው አፉ ተልጦ ላልቷል። «ተከፍቶ አያውቅም» ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ካርቶኑ ልመለስ፣ የነገሩ ሥር እሱ ነውና። ማምረቻው እነዚህን ስብስቦች መሸጥ የጀመረው በ1947 ነው። እስከ 1958 ድረስም በካርቶን ያሽግ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ድኝ አለ። ድኝ ደግሞ የብር ጠላት ነው፤ ቀስ እያለ ፊቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ሲጀምር ሳንቲሙ ቢጫ ይመስላል። ወፈር ሲል ወደ ቀይና ሐምራዊ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። በመጨረሻ ጥቁር ነው። ከ1959 ጀምሮ ወደ ፕላስቲክ ተዛወሩ።

እና ቀለም ሁሉ ጉዳት አይደለም። ቀስተ ደመና የመሰለ፣ ከሥሩ ብርሃኑ የሚታይ ሳንቲም ከነጩ በላይ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ሰብሳቢዎች «ቶኒንግ» ብለው ይወዱታል። ጠቁሮ ብርሃኑ የጠፋበት ግን ያለቀለት ነው። «አጸዳዋለሁ» ብላችሁ አትግዙት። ሽፋኑ የተሠራው ከሳንቲሙ ከራሱ ብር ነው፤ ስታነሱት የሳንቲሙን ፊት አብራችሁ ታነሳላችሁ። የእኔዎቹን የነከራቸው ሰውም ያደረገው ይህንኑ ነው። ጥቁር ነበሩ፣ ነከራቸው፣ መልሶ ካርቶኑ ውስጥ ሰካቸው። ወይም ጭራሽ ከሌላ ቦታ አምጥቶ ሰካቸው፤ ይሄንን ማወቅ አልቻልኩም። ስለዚህ በ1947 እና በ1958 መካከል የታሸገ ካርቶን ውስጥ በጣም ነጭ የብር ሳንቲም ካያችሁ ከጥቁሩ ይልቅ እሱን ፍሩ።

በ1955 አጋማሽ ላይ የተለወጠ ሌላ ማሸጊያም አለ። ከ1950 ጀምሮ «ፕሩፍ» የሚባሉት አንጸባራቂ ሳንቲሞች በትንሽ ሣጥን ይሸጡ ነበር፤ ከረጢቶቻቸው በስቴፕለር ሽቦ ተያይዘው። ሽቦው ይዝጋል። ሣጥኑን ስታዩ መጀመሪያ ሽቦውን እዩ።

ፕላስቲክ ነውና ደህና ነው የሚልም አለ። የለም። ለስላሳ፣ እጥፍጥፍ የሚል፣ ሲከፈት እንደ አዲስ የሻወር መጋረጃ የሚሸት ከሆነ ፒቪሲ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ዓመታት ሲያልፉ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ወደ ሳንቲሙ ይፈሳል፣ ከፕላስቲኩ የሚወጣው አሲድም መዳቡን ይበላዋል። አረንጓዴ፣ የሚያጣብቅ ነገር ይወጣል። ይሄ ደግሞ የእኛን ሰው ይነካል። የምኒልክን ብር እዚህ የሚሸጡት ብዙዎች እንዲህ ባለ ከረጢት ነው የሚያስቀምጡት። ፓሪስ የተመታ፣ 83.5 በመቶ ብር የሆነ ሳንቲም ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። አንድ ጓደኛዬ የገዛው ላይ አንበሳው እግር ሥር አረንጓዴ ነጥብ ነበረው። ሻጩ «የዕድሜ ምልክት ነው» ብሎታል። ዕድሜ አረንጓዴ አያጣብቅም።

አረንጓዴው ገና ከላይ ብቻ ከሆነ ንጹሕ አሴቶን ያነሳዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም፤ ሽቶና ዘይት አለበት። በብርጭቆ እንጂ በፕላስቲክ ኩባያ አታድርጉት፣ ኩባያው ሊሟሟ ይችላል። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አይቅረብ፣ አትፈትጉት። ሥሩ ጉድጓድ ካለ ግን ጉዳቱ ገብቷል፤ የሚመልሰው ነገር የለም።

ፎቶ ብቻ አይታችሁ የምትገዙ ደግሞ ሻጩን የሁለቱንም ገጽ ፎቶ፣ ከዚያም ሳንቲሙን እያዞረ የቀረጸውን ቪዲዮ ጠይቁት። «ማሸጊያው እንዳይበላሽ አልከፍትም» ካለ ዋጋውን እንደ ተበላሸ ቆጥራችሁ ተደራደሩ። ሙሉው የ1957 ስብስብ ውስጥ ያሉት 12 የብር ሳንቲሞች ተደምረው ወደ 76 ግራም ንጹሕ ብር አላቸው። የዕለቱን የብር ዋጋ ስልካችሁ ላይ አይታችሁ አባዙት። ከዚያ በላይ የምትከፍሉት በሙሉ ለሳንቲሙ ፊት ነው። ፊቱ ከሌለ ምን እየገዛችሁ ነው?

በማግስቱ ለሽማግሌው ደወልኩ። በትሕትና አነጋገሩኝ፣ ደረሰኙ ላይ «ተመላሽ የለም» የሚለውን በትሕትና አስታወሱኝ። አንድ የሳንቲም ነጋዴ ጋ ወሰድኩት፤ ከብረቱ ዋጋ ብዙም ከፍ አላለልኝም። ሳንቲሞቹን አውጥቼ በጠንካራ፣ ፒቪሲ በሌለው መያዣ አስቀመጥኳቸው። ካርቶኑና ፖስታው ጠረጴዛዬ ላይ ቀሩ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው መጥቶ ሳንቲሞቹን አየና ምንም አላለም። ባዶውን ካርቶን ግን 25 ዶላር ልግዛህ አለኝ። ለምን ብለው ሳቀ። አልሸጥኩለትም።