ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለው የእትዬ ሻይ ቤት

ሰሌዳ የለውም። ከዩኒቨርሲቲው ዋና በር ወጥታችሁ አስፋልቱን ስትሻገሩ በሁለት ፎቶ ኮፒ ቤቶች መካከል የተሸጎጠች የቆርቆሮ ቤት ታያላችሁ፤ የከሰልና የቅርንፉድ ሽታ ከተቀበላችሁ እሷ ናት። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ባለፈው ጥር የትምህርት ማስረጃ ለማውጣት ወደዚያው ግቢ ሄጄ ሁለት ቀን ስመላለስ አራት ጊዜ እዚያ በልቻለሁ፤ ስለዚህ የምጽፈው ትዝታ ብቻ አይደለም።

ከምግቡ ልጀምር። ፉሉ ጥሩ ነው። ባቄላው ሌሊቱን ከሰል ላይ ስለሚያድር ዳቦው ገና ሳይነካው ይፈርሳል፤ ሽንኩርቱና ቃሪያው ጥሬውን ከላይ ይበተንበታል። ዘይት ግን ይበዛዋል። ይህን ተማሪ ሳለሁም ነግሬያቸው ነበር፤ «ተማሪ ዘይት አይጠላም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያን ጊዜ መንግሥት ለአንድ ተማሪ የመደበው የምግብ ወጪ በቀን 15 ብር ነበር፤ ቁርስ፣ ምሳና ራት በ15 ብር። ከካፌው ምስር ወጥ ተነሥቶ ለሚመጣ ሰው የእትዬ ዘይት ድግስ ነው። ዳቦው ከሌላ ቦታ ስለሚመጣ ከሰዓት በኋላ ይደርቃል፤ ጠዋት ካልሆነ አትዘዙት። ስፕሪሱን ደግሞ ሳታማስሉ ጠጡት፤ ከሥር ሻዩ ከላይ ቡናው መስመር ሠርቶ ካልመጣ መልሱላቸው፤ አይቆጡም።

እንዲህ ያለ ፉል በየሰፈሩ ሞልቷል። እኔን የዚህ ቤት ደንበኛ አድርጎ ያስቀረኝ ኅዳር 2013 ነው።

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱን የሰማነው ዓርብ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። ሰኞ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀናት ይዘጉ ተባለ፤ እኛም ትንሽ ከቆየን በኋላ ወደየቤታችሁ ሂዱ ተባልን። ለጥቂት ቀን ነው ብለን ስላመንን ማንም የዱቤ ሒሳቡን አልዘጋም። እኔ ደብረ ማርቆስ ስገባ ከኋላዬ 87 ብር ዕዳ ነበረብኝ። ጥቂት ቀን ያልነው ስምንት ወር ሆነ፤ ያደርንበት ሕንፃም ለይቶ ማቆያ ሆኖ ከረመ።

መጀመሪያ የተጠራነው ተመራቂዎች ነን። በሩ ላይ የሙቀት መለኪያ ግንባራችን ላይ ተደገነ። ሮቶዎች ተደርድረዋል፤ ሳሙናው እንዳይሰረቅ በገመድ ታስሯል። ስድስት ስንተኛበት የነበረው ዶርም ለሦስታችን ቀረ። በካፌው ውስጥ ወንበሮቹ አንድ እየተዘለሉ በቀይ ቀለም ተሰርዘዋል። ይህን ሁሉ አልነቅፍም፤ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ሰው ትሪውን ይዞ ጥግ ጥጉን ሲበላ ግቢው ተማሪ የገባበት ሳይሆን ፈተና ብቻ የሚሰጥበት ቦታ መሰለኝ።

አስፋልቱን ተሻገርኩ። እትዬም በአቅማቸው ተዘጋጅተዋል። በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ሰቅለዋል፤ በካርቶን ላይ «ማጉረስ ክልክል ነው» ብለው አጽፈዋል፤ ረጅሙን አግዳሚ ደግሞ በመጋዝ ለሁለት አስከፍለውታል። ያ አግዳሚ እስከ ዛሬ ያነክሳል፤ የግራውን ግማሽ አትቀመጡበት። እጄን ታጥቤ ስገባ ማስኬን ሳላወልቅ ዓይኔን አይተው አወቁኝና ደብተራቸውን ከመደርደሪያው ሥር አወጡ። «አንተ የማርቆሱ፣ 87 ብር» አሉኝ፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

እኔ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነበርኩ። ስለማይሰበሰብ ዕዳ ተምሬ ፈተናም ወስጃለሁ። በትምህርቱ መሠረት ስምንት ወር የጠፋ፣ አድራሻው የማይታወቅ ተበዳሪ ተቀናሽ ይደረጋል። እትዬ ግን አንድም መስመር አልሰረዙም። ቤቱ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ ቆሎና ከሰል እየሸጡ እንደኖሩ የነገሩኝ ቆይተው ነው፤ የእኛ ገንዘብ በእጃቸው ቢኖር ምን ያህል ይረዳቸው እንደነበር ሳስብ አፈርኩ። በየቀኑ አንድ ሁለት ተማሪ እየመጣ ይከፍላል፤ የሚከፍለውም እዚያው ቁጭ ብሎ ሌላ ዱቤ ይጀምራል። ግቢው የተከፈተው ያን ጊዜ ነው ብል ፕሬዚዳንቱ ይቀየሙኛል፤ ለእኔ ግን እንደዚያ ነው።

ከእኔ ስም ቀጥሎ የዶርም ጓደኛዬ 46 ብር አለ። አድዋ ነው ቤቱ። በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ሲጀመር ስልክ ተቋረጠ፤ እሱም አልተመለሰም። የእሱንም ልክፈል ብዬ ገንዘቡን ስዘረጋ እትዬ እጄን መለሱት። «የሱ የሱ ነው» አሉ፤ ሌላ ምንም አላሉም።

ዋጋው እንደ አገሩ ንሯል። ያኔ 25 ብር የነበረው ፉል ጥር ላይ 110 ገብቷል፤ ሻዩ ከ4 ብር 15 ደርሷል። መጠኑ ግን አልቀነሰም፤ ይህን በሌሎቹ ቤቶች አላየሁትም። ውኃ በሚጠፋበት ቀን ሳህኑን በደንብ ተመልከቱት።

ጓደኛዬ አሁን መቀሌ ነው፤ ትምህርቱን ዘግይቶ ጨርሷል። ዕዳውን በቴሌብር ልላክላቸው ብሎኝ ነበርና ነገርኳቸው። «ፉል በቴሌብር አልበላም፤ መጥቶ ይክፈል» ብለው አሮጌውን ደብተር ወደ ቦታው መለሱት።

ቤቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ክፍት ነው፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። በፆም ቀን እንቁላል የለም። ዱቤ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ አይሰጡም።