ፖርታል 2 ከወራት በኋላ፦ ሰዳቢዋ ማሽን፣ እህቴና እኔ

ሻጩ ገና ዲስኩን ሳነሳው ነው የጀመረው። "ወንድሜ ይሄን ተወው። ተኩስ የለውም፣ ኳስ የለውም፣ ደግሞ አሮጌ ነው።" ሦስቱም እውነት ነው። ጌሙ የወጣው በፈረንጆቹ 2011 ነው። የእኔም ፕሌይስቴሽን 3 ያገለገለች ናት፤ አቻዋን አገኘች ብዬ ገዛሁ።

ዛሬ ሰውዬውን ባገኘው የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለሁለት የሚጫወቱት ጌም እንደሆነ ለምን አልነገርከኝም?

ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። የ2007ቱ ፖርታል ተከታይ ነው፤ ሁለቱንም የሠራው ቫልቭ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በእጅህ የያዝከው መሣሪያ ጥይት አይተፋም፣ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ይከፍታል። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ብርቱካናማ። በአንዱ ገብተህ በሌላው ትወጣለህ። ከከፍታ ወድቀህ ወለሉ ላይ ባለው ከገባህ፣ ግድግዳው ላይ ባለው በዚያው ፍጥነት ወደ ጎን ትወረወራለህ። በዚህ ዘዴ እየተፈተንክ ከክፍል ክፍል ታልፋለህ። ፈታኟ ግላዶስ የምትባል ማሽን ናት። ድምጿ ለስላሳ ነው፣ አፏ ግን አያድርስ።

ልጆች ሆነን እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ የጠፋው አገር ይሰጥ ነበር። ያሸነፈው አገሩን ይረከብና ስድቡን ያወርድበታል። ግላዶስም እንደዚያው ናት፤ ብቻ እሷ መልሱን ብታገኝላትም አትምርህም። የምትጫወታት ቼል አንድ ቃል አትተነፍስም። ማሽኗ ወፍራም ነሽ ትላታለች፣ ወላጆችሽ አይወዱሽም ትላታለች። እኔ ሶፋ ላይ ተቀምጬ በሰው ስድብ ስስቅ አመሸሁ።

ለብቻ የሚጫወቱት ክፍል ጥሩ ነው፣ አለቀ። መሃሉ ላይ ግን ከመሬት በታች ያረጀ ፋብሪካ ውስጥ ትወድቃለህ። እዚያ እንቆቅልሹ ይቀርና ቀዳዳ የሚቀበል ነጭ ግድግዳ ፍለጋ ይሆናል። ጨለማ ውስጥ ቆሜ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ አንገቴ ደረቀ። ያዳነኝ ፈተናውን የሚያካሂደው ድርጅት መሥራች ኬቭ ጆንሰን ነው። በድምፅ ማጉያ የሚሰማው ድሮ የተቀዳ ድምፁ ነው፤ ድምፁን የሰጠው ተዋናይ ጄ ኬ ሲመንስ ነው። ሰውዬው የጨረቃ ድንጋይ በውድ ገዝቶ ያስፈጫል። ዱቄቱ ቀዳዳ ለመክፈት አንደኛ ነው፣ ሰውዬውን ግን መርዞ ይገድለዋል። ይህን ሲናገር ይቆጣል እንጂ አያለቅስም።

የተፈታ እንቆቅልሽ ደግሞ ተፈታ። ዲስኩ መደርደሪያ ላይ አቧራ መጠጣት ጀመረ።

እህቴ ጌም አትወድም። አንድ ቀን ኔትወርክ ጠፍቶባት ስትቁነጠነጥ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ሰጠኋት። ለሁለት ሲሆን ታሪኩ ሌላ ነው፣ ክፍሎቹም ሌላ ናቸው። አትላስና ፒ-ቦዲ የሚባሉ ሮቦቶች ትሆናላችሁ፤ አንዱ ድቡልቡል፣ አንዱ ቀጭን ረጅም። ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ቀዳዳ አላችሁ፣ በጠቅላላው አራት። ብቻህን ምንም አትፈታም።

የብርሃን ድልድይ የሚባል ነገር አለ። እኔ ላዩ ላይ ቆሜአለሁ፤ ከታቼ መርዛም ውሃ ነው። ድልድዩ የመጣው በእሷ ቀዳዳ በኩል ነው። "እንዳትነኪው፣ እንዳትነኪው!" እያልኩ ሌላ ግድግዳ ላይ ተኮሰች። ድልድዩ እልም አለ። እኔም ወደ ውሃው።

"ውይ ጋሼ፣ አንተ ነበርክ እንዴ?"

ሮቦቱ ወዲያው እንደ አዲስ ተሠርቶ ስለሚመለስ ደጋግማ ገደለችኝ። ከመጀመሪያው በኋላ በስህተት ነው ብዬ አላምንም።

ግላዶስ ደግሞ ነገር ታጋግላለች። ለአንዱ የትብብር ነጥብ ትሰጣለች፣ ከሌላው ትቀንሳለች። ነጥቡ ለምንም አይጠቅምም። እህቴ ግን ትይዘዋለች፤ እራት ላይ ታነሳብኛለች።

ጌሙ ግን ለጭቅጭቃችን መድኃኒት አለው። ግድግዳ ላይ ምልክት አድርገህ "እዚህ ተኩሺ" ማለት ትችላለህ። ሁለታችሁ እኩል መዝለል ሲኖርባችሁ ስክሪኑ ራሱ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ብሎ ይቆጥራል። በፊት "ሦስት ስትል ነው ወይስ ሦስት ካልክ በኋላ?" እየተባባልን ሩብ ሰዓት እንጣላ ነበር።

ክፍል በተቀየረ ቁጥር መጠበቅ አለ። መብራት ከሄደም ያለህበትን ክፍል እንደ አዲስ ነው። የእንግሊዝኛ ጽሑፉን ከመጀመሪያው አብሩት፤ በተለይ ዊትሊ የሚባለው ኳስ የሚመስል ለፍላፊ ሮቦት በእንግሊዞች ዘዬ ሲንጣጣ ግማሹ ቀልድ ያመልጣል።

ሌላ ሻጭ ይምጣና "አጭር ነው፣ ብሩን አያወጣም" ይበለኝ። አንተ በየዓመቱ ያንኑ ኳስ ቁጥሩን ቀይረህ ትሸጥልኝ የለም እንዴ? ጓደኞቼን ከኳሱ ጌም በኋላ ሳያቸው ተኳርፈው ነው። እኛ እዚህ ተሰድበንም፣ ሞተንም እየሳቅን ነው የምንነሳው። ከወጣ ይህን ያህል ዓመት ሆኖት ሦስተኛው ክፍል አለመምጣቱ ነው እንጂ የሚያናድደው!

ሁለተኛ ጆይስቲክና የሚገድላችሁ ሰው ከሌላችሁ አትግዙት። የሰፈር ልጅ በሌላ ዲስክ ለውጠኝ እያለ ይመላለሳል። እኔ ላስብበት ነበር፣ እህቴ ግን "ነጥቤስ?" ብላ እምቢ አለች።