የአስፋልት ሽበት፦ ምን ገዝተን እናጽዳው?

የዛሬ ሁለት ዓመት ነሐሴ ላይ አንድ ባጃጅ የግቢያችንን ዳገት ግማሽ ድረስ ወጥቶ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ሹፌሩ ፍሬን ረግጧል። ጎማው ቆሟል። ባጃጁ ግን ይወርዳል። ከኋላ የተቀመጠችው አክስቴ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» እያለች በሩ ጋ ተመልሰው ደረሱ። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። ሹፌሩ ወርዶ መሬቱን በጫማው ፋቅ ፋቅ አደረገና «እትዬ፣ ይሄ እኮ አስፋልት አይደለም፣ መስክ ነው» አላት።

ልጁ አልተሳሳተም። ከበሩ እስከ ቤቱ ያለው ጥቁር አስፋልት አረንጓዴ ሆኗል። ሽበት አብቅሏል፤ የራስ ፀጉሩን ሳይሆን እርጥብ ቦታ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅለውን አረንጓዴ ማለቴ ነው።

የደሴ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ከተማችን ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በልጉ ያርሳታል፣ ክረምቱ ይደግማታል፣ በመሃል ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም አለ። ሊሾው ይሸብታል፣ ኮብልስቶኑ ይሸብታል፣ አጥሩም ይሸብታል። አስፋልት ደግሞ ፊቱ ሻካራ ስለሆነ አቧራና ውሃ ይይዛል። ለሽበት ከዚህ የተመቸ መደብ የለም።

ምን ልግዛ ብዬ አምስት ሰው ጠየቅኩ። አምስት የተለያየ መልስ አገኘሁ። አንዱ በረኪና አለ፣ አንዱ ጨው፣ አንዱ ናፍታ። ከዚያ ወዲህ ያየሁትንና የሞከርኩትን ላካፍላችሁ። ዋጋ በብር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ሳምንት አይሆንም። ከየቱ የቱ እንደሚረክስ ግን እነግራችኋለሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት

ሽበት እውነተኛ ሥር የለውም። አስፋልቱን የሚይዘው እንደ ፀጉር በቀጠኑ ክሮች ነው። ውሃም የሚጠጣው በቅጠሉ ነው። በጥር ደርቆ ሲንኮሻኮሽ የሞተ ይመስላል። የበልግ ዝናብ ጠብ ሲልበት ግን ወዲያው ይለመልማል። «በጋ ራሱ ይገድለዋል» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል።

ሥር አለመኖሩ ለገዢ ትልቅ ነገር ነው። ገበሬው የሚረጨው ራውንድአፕ በቅጠል ገብቶ በግንዱ እየወረደ ሥር ድረስ ሄዶ ነው አረሙን የሚገድለው። ሽበት ያ መውረጃ መንገድ የለውም። ቱ ፎር ዲ የሚባለው ሌላው የአረም መድኃኒት ደግሞ የተሠራው ሰፊ ቅጠል ላለው አረም ነው። ስለዚህ የአረም መድኃኒት የሚሸጥላችሁ ሰው «ለሽበትም ይሆናል» ቢላችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

እጃችሁን ሰድዳችሁ ዳስሱት። እንደ ምንጣፍ ወፈር ካለ ሽበት ነው። የሚያዳልጥ ቀጭን ልጋግ ከሆነ አልጌ ነው፣ እሱ በቀላሉ ይለቃል። ግራጫ ወይም ብርቱካንማ ቅርፊት ሆኖ ከተለጠፈ የድንጋይ ሽበት የምንለው ሌላው ዓይነት ነው፤ ግትር ነው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። (ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የምታዩት እሱን ነው። እዚያ ግን ጉዳዩ የቅርስ ባለሙያ ነው። ማንም በረኪና አንጠልጥሎ እንዳይሄድ።)

ስለ አስፋልቱም አንድ ነገር ልበል። አስፋልት ማለት በሬንጅ የተጣበቀ ጠጠርና አሸዋ ነው። ሬንጁ በፀሐይና በዕድሜ እየደረቀ ይሄዳል፣ ጠጠሩን የመያዝ ጉልበቱም ይቀንሳል። ሬንጁን የሚያሟሟ ወይም ጠጠሩን የሚነቅል ነገር ከገዛችሁ ሽበቱ ይለቃል፣ አስፋልቱም አብሮ ይለቃል። እኔ ዕቃዎቹን ሁሉ ያወዳደርኩት በዚህ ነው።

ብሩሽ ወይስ የላቫጆ ማሽን?

በማሽኑ ልጀምር፣ ጥፋቱ የኔ ነውና። አንድ ላቫጆ ቤት የሚሠራ ልጅ የግፊት ማሽን ይዞ መጣ። ሲጀምር ደስ ይላል። አረንጓዴው እየተገፈፈ ጥቁሩ ብቅ ይላል። አክስቴ በረንዳ ላይ ሆና ታጨበጭባለች። ሲደርቅ ነው ጉዱ የታየው። በሩ አጠገብ ያለው አሮጌው ክፍል ላይ ደቃቁ አሸዋ ታጥቦ ሄዷል፣ ጠጠሩ እንደ ጥርስ ፈጥጧል። ቦዩ ውስጥ አንድ ባልዲ የሚሞላ ጥቁር ጠጠር ሰበሰብኩ። የከፋው ደግሞ የሚቀጥለው ክረምት ላይ መጣ። ሽበቱ መጀመሪያ የተመለሰው እዚያው የተቦረቦረው ቦታ ላይ ነው፤ ቀዳዳው ውሃ ይይዝለታላ።

የቤት ቧንቧ ግፊት ጥቂት ባር ነው። የእነዚህ ማሽኖች ከ100 ባር ያልፋል። አንድ ትንሽ ማሽን በደቂቃ 7 ሊትር ያህል ውሃ ይተፋል። በሰዓት 420 ሊትር መሆኑ ነው፣ ማለትም 21 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት ይህን ያህል ጀሪካን መሬት ላይ ማፍሰስ ጎረቤት ፊት ያሳፍራል።

ማሽኑ ጭራሽ አይረባም እያልኩ አይደለም። ለሊሾና ለኮንክሪት ጥሩ ነው። ጠንካራ፣ ያልተሰነጣጠቀ አስፋልት ላይም ይሠራል፤ ግን ውሃውን እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋውን አፍ ይግጠሙለት፣ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቁ፣ አንድ ቦታ ላይ አይቁሙ። ውሃውን እንደ መርፌ የሚያሾለውን አፍ ለአስፋልት አትፍቀዱ። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ በድንጋዮቹ መሃል ያለውን አሸዋ አጥቦ እንደሚያወጣው አትርሱ።

ብሩሹ ርካሽ ነው፣ ለዓመታትም ያገለግላል። ረጅም እጀታና ጠንካራ የፕላስቲክ ፀጉር ያለውን ግዙ። የሽቦ ብሩሽ አይሁን። ጠጠሩን ይቧጥጣል። የሚሰበረው ሽቦም ዝጎ ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል፣ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ሕፃን ካለማ አስቡት።

ወፍራሙን ሽበት በበጋ፣ ደርቆ ሳለ፣ አካፋን ጋደም አድርጎ መግፋት ነው። እንደ ቂጣ ተላቅቆ ይነሳል። ከዚያ በብሩሽ መጥረግ። የኛ ግቢ መንገድ 60 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። እኔና አንድ የቀን ሠራተኛ በአንድ ቀን ተኩል ጨረስነው። ወገብ ያማል፣ አልዋሽም። ግን አንድም ጠጠር አልተነቀለም።

ስለዚህ ለአሮጌ አስፋልት ብሩሽ፣ ሳላቅማማ።

በረኪና ወይስ ቀስ ብሎ የሚገድለው?

ብሩሽ ብቻውን ቁርጥራጩን ይተዋል። ቁርጥራጩ መልሶ ይበቅላል። ስለዚህ አንድ የሚገድል ነገር ያስፈልጋል።

በረኪና ሰፈር ሱቅ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ውጤቱም በደቂቃዎች ይታያል። አረንጓዴው ይነጣል። አንዱን እጅ በረኪና በአራት እጅ ውሃ በጥብጡ። የቤት በረኪና ጥንካሬው ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ማወፈር ትርፉ ሽታ ነው። ለ60 ካሬ ሜትር 15 ሊትር ብጥብጥ፣ ማለትም 3 ሊትር በረኪና በቃኝ። ደመናማ ጠዋት ላይ ይረጫል፤ ፀሐይ ቶሎ ያደርቀዋል፣ ጉልበቱንም ይሰብረዋል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይተዋል፣ ይፈተጋል፣ በውሃ ይታጠባል።

ስትገዙ የተመረተበትን ቀን እዩ። በረኪና ቆሞ ይደክማል። ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የከረመ ጠርሙስ ከውሃ ብዙም አይሻልም። በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠውንም ተዉት፤ ጥንካሬውን አታውቁትም፣ ልጅ ደግሞ ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል።

ጉዳቱስ? አበባ ያቃጥላል፣ ልብስ ያነጣል፣ የቆርቆሮ በር ያዝጋል። የአክስቴ ጽጌረዳ አንድ ጎኗ እስካሁን አላገገመም። ከኮምጣጤ፣ ከሽንት ቤት አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል። መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ይሄ ቀልድ የለውም።

ተፎካካሪው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐኪም ቤቶች ለዕቃና ለወለል ከሚጠቀሙባቸው ፀረ ጀርሞች አንዱ ነው። በውጭ አገር ለሽበት ተብለው ከሚሸጡት ፈሳሾች የብዙዎቹ ዋና ንጥረ ነገር እሱ ነው። የሕክምናና የጽዳት ዕቃ የሚያቀርቡ ሱቆች ጠይቁ፤ ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ስሙን ፈልጉ። ከበረኪና ይወደዳል።

አሠራሩ ሌላ ነው። ትረጫላችሁ፣ ትተዉታላችሁ። አይታጠብም። ሽበቱ በቀናት ውስጥ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ በሳምንታት ይረግፋል። መፈተግ የማይችል ሰው፣ ወይም ሰፊ ግቢ ያለው፣ ይሄን ቢገዛ አይቆጭም። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። ከተረጨ በኋላ ያ ቀን ዝናብ የሌለበት መሆን አለበት። ከሳሙና ጋር ደግሞ አይገናኝም፤ ተራ ሳሙናና ኦሞ ኃይሉን ያከሽፉበታል። አስፋልቱን ትናንት በኦሞ አጥባችሁ ዛሬ ብትረጩት ገንዘባችሁን ደፋችሁት። ዓሣንም ይጎዳል። ሐይቅ ከተማ ውኃው ዳር ያላችሁ፣ ፍሳሹ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ አደራ።

እኔ በረኪናውን መረጥኩ፤ ዳገቱ ትንሽ ነው፣ የምቸኩለውም በባጃጁ ምክንያት ነው። ግቢዬ የዚህ አራት እጥፍ ቢሆን ግን ሌላውን እገዛ ነበር።

ሰው የሚመክራቸው ሌሎቹ

ናፍታና የተቃጠለ ዘይት። አንድ ጎረቤታችን፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ «ናፍታ አርከፍክፍበት፣ ዳግም አይበቅልም» አሉኝ። «ጋሼ፣ አንቱ ያሉት እውነት ነው፤ አስፋልቱም ግን ዳግም አይኖርም» አልኳቸው፤ ሳቁ። ሬንጅ የነዳጅ ዘር ነው። ናፍታ ሲነካው ይሟሟል። በጋዝ እሳት መለብለብም ያው ነው።

ጨው ሽበት ይገድላል። ወሎ ደግሞ ከአፋር ጋር ጎረቤት ስለሆነ ጨው ብርቃችን አይደለም። ግን ዝናብ አጥቦ አትክልቱ ሥር ያወርደዋል፣ በሩንና የመኪናውን ሆድ ያዝገዋል። የፈላ ውሃ ለኮብልስቶን ይሆናል፤ አስፋልትን ግን ያለሰልሳል። ኮምጣጤ ያደክመዋል እንጂ ነቅሎ አያጠፋውም፣ ሊሾን ደግሞ ይበላል። ኖራ ብትነሰንሱ ነጭ ሽበት ታገኛላችሁ።

ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት ሽበትን በደንብ ይገድላል። እኔ ግን በግ ያለበት ግቢ ውስጥ አላስገባውም። በግ ከሌሎቹ ከብቶች ይልቅ በመዳብ ቶሎ ይመረዛል። ወሎ ውስጥ በግ የሌለበት ግቢ ስንት ነው?

እንዳይመለስ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰስተው። ለመድኃኒት ይከፍላል፣ ለአሸንዳ አይከፍልም።

የኛ ሽበት ከየት እንደሚጀምር አንድ ክረምት ሙሉ አየሁ። ሁልጊዜ የሚጀምረው በቤቱ ጥግ፣ የተቀደደው አሸንዳ የሚያንጠባጥብበት ሥር ነው። ከዚያ በጽድ ዛፉ ጥላ ስር ስር ይወርዳል። ፀሐይ የሚያገኘው ማዶው ጎን ንጹሕ ነው። አንድ አስፋልት፣ አንድ ዝናብ፣ ሁለት ዓይነት መሬት።

አሸንዳውን ቀየርነው፣ መውረጃውንም ወደ ቦይ አዞርነው። የጽዱን የታች ቅርንጫፎች ቆረጥን። አክስቴ ለጽዱ አለቀሰች ማለት ይቻላል፤ እናቷ ናት የተከለችው። ግን አሁን ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ አስፋልቱን ያገኘዋል። ቅጠልና አፈር በሳምንት አንዴ ይጠረጋል፤ ሽበት የሚይዘው አፈር ካጣ ይቸገራል።

ስንጥቅ ካለ በሬንጅ ይደፈን። ሙሉውን በሬንጅ ማስቀባት ውድ ነው፤ አስፋልቱ አርጅቶ ጠጠር መልቀቅ ከጀመረ ያዋጣል። ሽበቱ ሳይጸዳና ሳይደርቅ የተቀባ ግን ተገፍፎ ይነሳል። ቀቢው «ከላዩ እናልብሰው» ካላችሁ ሌላ ቀቢ ፈልጉ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ መፋቅ በበጋ ነው። መርጨት ደግሞ ሽበቱ ገና እርጥብ ሆኖ ዝናቡ ሲያቆም፣ ከመስቀል በኋላ ባሉት ሳምንታት። ጥግጥጉ ላይ የቀረ ካለ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ አንዴ ይደገማል።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ይሄ ሁሉ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። እናንተ ጋ ዝቅ ይላል፣ ይሞቃል። ከቤት ጀርባ ጥላ ካለ እዚያ ብቻ አንድ ብሩሽና አንድ ጠርሙስ በረኪና ይበቃል። ቀትር ላይ አስፋልቱ ሲግል ግን አትፈትጉት፣ ይለሰልሳል። ኩታበርና ቦሩ ሜዳ ያላችሁ ግን ከኛም የባሰ ብርድና እርጥበት አላችሁ፤ ከጠርሙስ በፊት አሸንዳችሁን እዩ።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ያው የባጃጅ ልጅ መጣ። በሩ ጋ ቆሞ ዳገቱን ወደ ላይ አየና «እትዬ፣ እዚሁ ላውርድሽ?» አላት። አክስቴ አልወርድም አለች። ወጣ። ጥጉ ጋ፣ ድሮ አሸንዳው ያንጠባጥብበት የነበረው ቦታ ላይ፣ የእጅ መዳፍ የምታክል አረንጓዴ አሁንም አለች። ብሩሹን እዚያው አስደግፌዋለሁ።