ዲዝኒና ክሩዝ ለምታስቡ፦ የምናመሰግናት የጉዞ ወኪል

ሰላም ወገኖች። ዲኤምቪ (ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) የምንኖር ሦስት ቤተሰቦች ነን። ባለፉት ሁለት ዓመታት የኦርላንዶውን ዲዝኒ ወርልድ፣ ከፍሎሪዳው ወደብ ከፖርት ካናቨራል ወደ ባሃማስ የሚሄደውን ክሩዝ (የመዝናኛ መርከብ ጉዞ) እና ከባልቲሞር የሚነሳ ሌላ ክሩዝ ያዘጋጀችልን አንዲት የጉዞ ወኪል እህታችን ናት። ስሟና ስልኳ በአደባባይ እንዲወጣ ስለማትፈልግ በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን። «በጣም ጎበዝ ናት» ብቻ ብለን ብንተወው ግን ጥቆማ አይሆንምና ምን ምን እንደሠራች በዝርዝር እንጽፋለን። ሌላ ወኪል ጋ ብትሄዱም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቁበታላችሁ።

አብዛኛው ሰው ወኪል የሚፈልገው ዋጋ እንድታስቀንስለት ነው። እሷ ስለ ዋጋ ሳታነሳ በፊት «የሁሉንም ተጓዥ ሰነድ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ» ትላለች። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፤ ገና መሄዳችን ሳይቆረጥ ምን ፓስፖርት ያስፈልጋታል ያሰኛል። ግን የክሩዝ ገንዘብ የሚበላው እዚሁ ላይ ነው። ከአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ እዚያው ወደብ በሚመለስ ክሩዝ ላይ እዚህ አሜሪካ የተወለደ ዜጋ ያለ ፓስፖርት፣ በልደት ወረቀትና ፎቶ ባለው የመንግሥት መታወቂያ መሳፈር ይችላል። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የልደት ወረቀቱ ብቻ ይበቃዋል። ችግሩ ብዙ ወላጅ በክብር ፋይል ውስጥ ያስቀመጠው ወረቀት ሆስፒታሉ በስጦታ የሰጠው፣ የሕፃኑ የእግር ዐሻራ ያረፈበት መሆኑ ነው። ያማረ ወረቀት ነው፣ ወደቡ ላይ ግን ዋጋ የለውም። የሚፈለገው ስቴቱ ወይም ካውንቲው ማኅተም አድርጎ የሚሰጠው ነው። እሷ ይህን በፎቶው ላይ አይታ «ይኼ አይሠራም፣ ዛሬውኑ አዲስ እዘዙ» ብላ ትመልሳለች።

የልደት ወረቀት ቢበቃም ፓስፖርት አውጡ ብላ ትጨቀጭቃለች፤ እውነቷን ነው። የባሃማስ ዋና ከተማ ናሶ ላይ መርከቡ ጥሏችሁ ቢሄድ፣ ወይም ልጅ ታሞ ደሴቱ ላይ ብትቀሩ፣ በልደት ወረቀት አውሮፕላን ተሳፍሮ አሜሪካ መግባት አይቻልም። የልጅ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ነው፤ ሕፃን ሳለ ወጥቶለት አሁን ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ፓስፖርቱ አልፎበታል ማለት ነው። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ሁለቱም ወላጆች በአካል መገኘት ወይም የቀረው ወላጅ በኖተሪ (ፊርማ በሚያረጋግጥ ሕጋዊ ሰው) የተረጋገጠ ፈቃድ መስጠት አለበት። አንዱ ወላጅ አገር ቤት ከሆነ ይኼ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ቀጥሎ የስም ጉዳይ አለ፤ ይኼን የፈረንጅ ወኪል አይገባውም። በእኛ ቤት እናት በአባቷ ስም፣ አባት በአባቱ ስም ይጠራል፤ ልጆቹ አንዳንዶቹ የአባታቸውን፣ አንዳንዶቹ የአያታቸውን ስም በመጨረሻ ስምነት ይዘዋል። አንድ ካቢን ውስጥ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይገኛል። ይህ በራሱ ችግር የለውም። ችግር የሚመጣው ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ፓስፖርቱ ላይ ካለው ሲለይ ነው። «ተስፋዬ» በአንዱ ሰነድ ላይ በአንድ ኤስ፣ በሌላው በሁለት ኤስ ከተጻፈ ወደቡ ላይ መቆም ይመጣል። እሷ ስሙን ራሷ አትጽፍም፤ ከፓስፖርቱ ግርጌ ካሉት ሁለት የማሽን መስመሮች ላይ ፊደል በፊደል ትገለብጣለች። አንድ ወላጅ ብቻውን ልጆች ይዞ የሚሄድ ከሆነም ከሌላው ወላጅ በኖተሪ የተፈረመ ደብዳቤ እንዲይዝ ታደርጋለች፤ የስሙ ልዩነት ጥያቄ ሲያስነሳ ደብዳቤው ይመልሳል።

ከሁሉም በላይ የምናመሰግናት ግን መሸጥ የማይገባትን ባለመሸጧ ነው። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው የቅድሚያ የጉዞ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠርበታል። ክሩዝ ደግሞ ከአሜሪካ መውጣት ነው። መርከቡ ከፍሎሪዳ ተነሥቶ ፍሎሪዳ ስለሚመለስ «የትም አልሄድኩም» ማለት አያድንም። እንደዚሁም ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ፣ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ የያዙ እናትና አባት ከወጡ መመለሻው ያስቸግራል። እሷ እንደዚህ ዓይነት ቤተሰብ ሲመጣባት «ጠበቃችሁን ሳትጠይቁ መርከብ የለም፣ ኦርላንዶ ግን ነገ መሄድ ትችላላችሁ» ትላለች። ግሪን ካርድ ያላችሁም የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁ ቀን እንዳላለፈበት እዩ፤ መርከቡ የሚቆምባቸው ደሴቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የቪዛ ሕግ አላቸው። እሷ ለእያንዳንዱ ወደብ ከመርከብ ድርጅቱ መልሱን በኢሜይል ታስጽፋለች እንጂ በስልክ የተነገራትን አታምንም።

ወደ ካቢን እንምጣ። አምስት ሆኖ በአንድ ካቢን መግባት ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ አብዛኛው ካቢን ለአራት ነው። አራት አልጋ እያለም «ሞልቷል» የሚባልበት ጊዜ አለ፤ ለየአካባቢው የተመደበው የነፍስ አድን ጀልባ የሚይዘው ሰው ቁጥር ስለሚያልቅ ነው። ስለዚህ ሦስተኛና አራተኛ ሰው ያለው ቤተሰብ ዘግይቶ ማስያዝ የለበትም። «ጋራንቲ» የሚባለው ርካሽ ካቢን ቁጥሩን መርከቡ ራሱ የሚመድበው ነው፤ ሁለት ካቢን የሚያስፈልገው ቤተሰብ አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ ሊደርሰው ይችላል። ማዕበል የሚያቅለሸልሸው ሰው ካለ ከመርከቡ መኻልና ዝቅ ካለው ደርብ ይያዝ፤ ከዋናው መዋኛ በታች ያለው ደርብ ግን ይቅር፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ከባልቲሞር የሚነሱት የሮያል ካሪቢያንና የካርኒቫል መርከቦች የአውሮፕላን ወጪ ያስቀራሉ፤ በአሜሪካ ክረምት ግን የመጀመሪያው ቀን ብርድ ነውና ልጆቹን «ወዲያው ትዋኛላችሁ» ብላችሁ አታጓጉ።

ሕፃን ላላችሁ፦ አብዛኞቹ መርከቦች ከ6 ወር በታች አይቀበሉም፤ ብዙ ቀን ያለ ወደብ በባሕር ላይ የሚያልፍበት ጉዞ ከሆነ 12 ወር ይጠይቃሉ። ዳይፐር ያልለቀቀ ልጅ የመዋኛ ዳይፐር ቢያደርግም ትልቁ መዋኛ ውስጥ አይገባም። ነፍሰ ጡር ደግሞ በጉዞው ማብቂያ ቀን 24 ሳምንት የምትደርስ ከሆነ አትሳፈርም፤ የሚቆጠረው የመነሻው ቀን አይደለም።

ዲዝኒ ላይ ደግሞ የምትጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ የልጆቹን ቁመት። «በጫማቸው ለክታችሁ በኢንች ላኩልኝ»። ከመጫወቻዎቹ ሰባቱ ድንክዬዎች የሚባለው የማዕድን ባቡር ቢያንስ 38 ኢንች፣ ስፔስ ማውንቴን 44፣ ትሮን 48 ኢንች ይጠይቃሉ። መግቢያው ላይ መለኪያ እንጨት የያዘ ሠራተኛ ቆሟል፤ ግማሽ ኢንች ቢጎድል ልመና አይሰማም። ልጅ አንድ ሰዓት ተሰልፎ እዚያ ላይ ሲመለስ ያለውን ለቅሶ አስቡት። ታናሹ ቁመቱ ካልደረሰ «ሪደር ስዊች» የሚባል መላ አለ፤ መግቢያው ላይ ላለው ሠራተኛ ሲነገረው አንደኛው ወላጅ ትልቁን ይዞ ይገባል፣ ሌላው ከትንሹ ጋር ይቆያል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ፤ ሁለተኛው እንደ አዲስ አይሰለፍም። ነፃ ነው፣ መጠየቅ ግን አለበት። አያቶችና ከሦስት ዓመት በታች ሕፃናት ያሏቸውን ቤተሰቦች ከአራቱ ፓርኮች መጀመሪያ አኒማል ኪንግደም ነው የምትልካቸው፤ የኪሊማንጃሮ ሳፋሪ መኪና የቁመት ገደብ ስለሌለው ሁሉም አብሮ ይወጣል። ዕድሜው ሦስት ያልሞላ ልጅ ቲኬት አይገዛለትም።

ሰልፍ የሚያሳጥረው ላይትኒንግ ሌን መልቲ ፓስ በ2024 ሐምሌ ላይ አሠራሩ ተለውጧል። ዲዝኒ ሆቴል የያዘ ሰው ከመግቢያው 7 ቀን ቀድሞ፣ ውጭ ያረፈ ደግሞ 3 ቀን ቀድሞ፣ በፈረንጅ 7 ሰዓት ጠዋት ላይ ሦስት መጫወቻ በስልኩ ይመርጣል። እሷ በዚያ ሰዓት ራሷ ተነሥታ ትይዝላችኋለች። ከዚህ ውጭ ያለው ምክሯ ቀላል ነው፦ ዲዝኒ ሆቴል ያረፈ በየቀኑ ከሌላው 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል፣ ያቺን ግማሽ ሰዓት ተኝታችሁ አታሳልፏት። በአሜሪካ በጋ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስለሚኖር ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ፤ እነሱን ጠዋት ጨርሱ። የልጅ ጋሪ ከ31 በ52 ኢንች ከበለጠ አይገባም፤ የሚጎተተው ዋገንም አይፈቀድም። የቤት ምግብ ግን ይፈቀዳል፤ ጠርሙስ እስካልሆነ ድረስ ፍርፍራችሁን ይዛችሁ ግቡ።

መርከብ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ቤት የተሠራ ምግብ አይገባም፤ የሚፈቀደው የታሸገና ያልተከፈተ ብስኩት የመሰለ ነገር ነው። ጀበና ይዘው የሚመጡ እናቶች አሉ፤ ጀበናው ሸክላ ነው ቢባል እንኳ ማፍያው ይቀማል። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ካውያ፣ ከሰል፣ ሻማ፣ ዕጣን ማጨሻ ሁሉ በእሳት አደጋ ምክንያት ክልክል ናቸው። ቡናው ለአራት ቀን ይቅር።

ጾም ላይ ያለን ሰዎች የአሜሪካ ትምህርት ቤት ዕረፍት እንዴት እንደሚውል አስተውላችኋል? የታኅሣሡ ዕረፍት በጾመ ነቢያት፣ የፀደዩ ብዙውን ጊዜ በዐቢይ ጾም፣ የነሐሴው በፍልሰታ ላይ ይወድቃል። እሷ ይህን ስለምታውቅ ሳትጠየቅ «የጾም ነው የፍስክ?» ትላለች። መርከቡ ላይ «ቬጂቴሪያን» ብላችሁ ካስመዘገባችሁ ቅቤና ዕንቁላል ይመጣል፤ «ቪጋን» ነው የሚባለው። ከመሳፈር በፊት ታስመዘግበዋለች፤ የመጀመሪያው ማታ ለአስተናጋጁ አለቃ ስትነግሩት የነገውን ምግብ ዝርዝር ማታውኑ ያሳያችኋል። ዲዝኒ ላይ ከሥጋና ከወተት ነፃ የሆነው ምግብ ዝርዝሩ ላይ የቅጠል ምልክት አለው። ሐላል ለሚፈልጉም አስቀድማ ታስጠይቃለች፤ በዕለቱ ሲጠየቅ አይገኝም።

የገንዘቡን ነገር እንናገር፤ በየቦታው «ርካሽ ክሩዝ አለኝ፣ በዜል ላኩ» እያለ በስልክ በሚላከው የባንክ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለበዛ። እሷ ብር በእጇ አትቀበልም። ካርዳችሁ የሚመታው በመርከብ ድርጅቱ ስም ነው፤ የቡኪንግ ቁጥሩን ይዛችሁ ራሳችሁ ድርጅቱ ድረ ገጽ ገብታችሁ ታያላችሁ። እሷን የሚከፍላት ድርጅቱ ነው፣ በኮሚሽን። ፍሎሪዳና ካሊፎርኒያን ጨምሮ አንዳንድ ስቴቶች የጉዞ ሻጭ እንዲመዘገብ ስለሚያስገድዱ የመዝገብ ቁጥር መጠየቅ ነውር አይደለም። ቀሪው ክፍያ ብዙውን ጊዜ እንደ ጉዞው ርዝመት ከመነሻው ከ75 እስከ 90 ቀን ቀድሞ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ መሰረዝ ያስቀጣል። ከዚያ በፊት ዋጋ ከወረደ ግን ማስተካከል ይቻላል፣ እሷም በየሳምንቱ እያየች ታስተካክላለች። ማስታወቂያው ላይ የማይታየውን ጉርሻም ቀድማ ትነግራለች፤ በቀን በሰው ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው፣ ልጅም ይከፈልበታል። ለአራት ሰው ለአራት ሌሊት አስሉት።

በረራን በመርከቡ ዕለት አታስይዝም፤ ብትለምኗትም እሺ አትልም። ከኦርላንዶ አየር ማረፊያ ፖርት ካናቨራል አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ በረራ ሁለት ሰዓት ከዘገየ መርከቡ አይጠብቅም። ሻንጣው ወደቡ ላይ ከተሰጠ በኋላ ካቢን የሚደርሰው ማታ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒት፣ ፓስፖርትና የልጆቹ የዋና ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁን።

ጉድለቷንም እንንገራችሁ። ስልክ ቶሎ አታነሣም፤ በጽሑፍ ነው የምትመልሰው። እሑድ ከቅዳሴ እስክትመለስ አትገኝም። ከፍሎሪዳና ከካሪቢያን ውጭ አትሠራም፤ አውሮፓ ወይም ዱባይ ለምትሉ «የማላውቀውን አልሸጥም» ትላለች። አንዳንዴም ቁጣ ቁጣ ይላታል፣ በተለይ ሰነድ ላዘገየ ሰው።

እህታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብድርሽን ይክፈልልን። ለምትደውሉላት ሁሉ፦ ከመደወላችሁ በፊት የሁሉንም ሰው ፓስፖርትና የልደት ወረቀት፣ የልጆቹንም ቁመት በኢንች አዘጋጁ፤ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።