የባሕር ዛፍ አጣና ወይስ የብረት ስካፎልዲንግ?

ባሕር ዳር ላይ ፎቅ የሚያሠራ ሰው ሁሉ፣ ሠራተኞች ቆመው ለሚሠሩበት መወጣጫ (ስካፎልዲንግ) የትኛው ይሻላል ብሎ ይጠይቃል።

ወጪ፦ አጣና ከመራዊ በኩል በመኪና ይመጣል፤ ሥራው ሲያልቅ ለማገዶ ይሸጣል። ብረት በኪራይ ነው፤ ሲሚንቶ ጠፍቶ ሥራ ቢቆምም ኪራዩ አይቆምም።

አደጋ፦ ዋናው ይኸ ነው። እርጥብ አጣና ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ምስማሩ ይላላል፤ ክረምት ላይ ደግሞ እግሩ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። (አሠሪው ስለ ቀለሙ እንጂ ስለዚህ ሲጨነቅ አይታይም።) ብረትም ቢሆን ከሥሩ ጠፍጣፋ ማረፊያ፣ ከጎኑ አግድምና ሰያፍ ማሰሪያ ከሌለው አይታመንም።

ቅለት፦ አጣናውን ማንኛውም አናጺ ያቆመዋል፤ ብረት የለመደ ገጣጣሚ ይፈልጋል።

ለጂ ፕላስ ዋን (ባለ አንድ ፎቅ) ቤት ልስንና ቀለም አጣና ይበቃል፤ ምስማሩ ግን በየጠዋቱ ይታይ። ከዚያ ከፍ ካለ፣ ወይም ሥራው ሐምሌና ነሐሴን የሚሻገር ከሆነ፣ ብረት ይከራዩ።