ቪትዜን ከራሴው ላዳኑልኝ የጣፎ መካኒክ

እንዲህ ዓይነት ነገር ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ጋራዥ ገብተን ስንቃጠል ሁላችንም እንጽፋለን፣ በደንብ ሲሠራልን ግን ቁልፋችንን ይዘን ውልቅ ነው። ዛሬ እኔ ልጻፍ።

የ2007 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ፣ 1 ሺህ ሲሲዋ። የምኖረው ከአያት አለፍ ብሎ ወደ ጣፎ በሚወስደው መንገድ ነው። እዚህ ሰፈር ያለ ሰው መኪናውን ከፍ ነው የሚያደርገው፣ ሞላው ላይ፣ መኪናውን በሚሸከመው ጥምዝ ብረት ላይ ማለቴ ነው፣ ከፍ የሚያደርግ ስፔሰር ያስገባል። እኔ ግን ማውረድ አማረኝ። አዎ፣ ሳቁ። ለቄንጥ ነው፣ ሌላ ሰበብ አልፈጥርም። በግድ ሰበብ አምጣ ካላችሁኝ፣ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስሄድ ከባድ መኪና ባለፈኝ ቁጥር መንገዋለሏ ይሰለቸኝ ነበር። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ አራት አጫጭር ሞላ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ካርቶኑ ላይ 3 ሴንቲ ዝቅ ያደርጋል ይላል።

ሾክ አብዞርበሮቹን፣ የሞላውን ንዝረት የሚያበርዱትን፣ ለመቀየር አላሰብኩም። ከጃፓን ይዛቸው የመጣችው ኦሪጅናሎቹ ናቸው። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ የአራት አዲስ ሾክ ዋጋ ጠይቄ ነበር፣ ሰምቼ ዝም ብዬ ተመለስኩ። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችኝን አቅፌ መኖር እንዳለብኝ ገብቶኛል።

መጀመሪያ የወሰድኳት ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ጋራዥ ነው፣ ስሙ ይቅር። ሁለት ሰዓት አልፈጀባቸውም። ቡና ጠጥቼ ስመለስ ወርዳ ቆማለች። እንዴት አምራብኝ ነበር መሰላችሁ! ፎቶ አንስቼ ለስንቱ ላኩ።

በሦስተኛው ቀን ማንኳኳት ጀመረች። ጉብታ ባለፍኩ ቁጥር ከፊት በቀኝ በኩል ጓ! ትላለች። ኮብልስቶን ላይማ ጥርሴ እርስ በርሱ ይጋጫል። መሪው ወደ ግራ ይስባል። ሁለት ወር ሳይሞላ የፊት ጎማዎቹ በውስጥ በኩል ሽቦው ሊወጣ ደረሰ፣ ከውጭ ለሚያያቸው ግን ገና ናቸው። ጎሚስታው ነው ጎንበስ ብሎ ያሳየኝ። ወደዚያው ጋራዥ ብመለስ ‹‹ሾኩ ሞቷል፣ አራቱንም ቀይር›› አሉኝ። ሳይፈቱ፣ እጃቸውን እንኳ ሳያስነኩ።

ሚኒባስ የሚነዳ ጎረቤት አለኝ። ድምፁን ከግቢው ሆኖ ሰምቶ ‹‹ይቺን ነገር ጋሼ ጋ ውሰዳት›› አለኝ። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ራሳቸው አስጠንቅቀውኛል፣ ‹‹ሰው ይበዛብኛል›› ብለው። ስለዚህ እኔም ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

ጋራዥ ስል ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ጉድጓድ፣ ዘይት ያጠቆረው አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ የታሰረ ውሻ። ጋሼ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አይተው ‹‹አንተ ልጅ፣ እዚህ መንገድ ላይ እየኖርክ መኪና ታወርዳለህ?›› አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ‹‹እሺ፣ የራስህ ጉዳይ ነው። ካወረድክ አይቀር ግን በወጉ ትውረድ።››

ከዚያ ክሪክ አላነሡም፣ መፍቻም አልያዙም። ሜትር ነው ያወጡት። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም በኩል ለክተው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፉ። የፊት ግራውና የፊት ቀኙ በአንድ ሴንቲ ይለያያሉ። ‹‹ሁለቱም አንድ ዓይነት ሞላ ነው፣ መሬቱም ልክ ነው። ታዲያ ይቺ ሴንቲ ከየት መጣች?›› ብለው እንደ ተማሪ ጠየቁኝ። ምን ልመልስ?

ሲፈታ መልሱ መጣ። በግራ በኩል የሞላው ጫፍ ከታች ያለው ሳህን ላይ በተሠራለት እርከን መቀመጥ ሲገባው ወጥቶ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሏል። በቀኝ በኩል ደግሞ ስቶፐር የምንለው፣ ሾኩ ጥግ ድረስ ሲገባ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ ዘንጉ ላይ የሚቀመጠው ጎማ፣ ጭራሽ የለም። ያ ሁሉ ጓጓታ እሱ ነበር። ፈትተው መልሰው አላስገቡትም ማለት ነው።

ወደ ሾኩ ስንመጣ፣ ጋሼ በነጭ ጨርቅ ዙሪያውን ጠረጉትና ጨርቁን አሳዩኝ። አቧራ እንጂ ዘይት የለውም። ከዚያ ቀጥ አድርገው አቁመው ዘንጉን በመዳፋቸው ተጫኑት። እየተከላከለ ቀስ ብሎ ገባ። ሲለቁት በራሱ ጊዜ፣ ሳይቸኩል፣ ወጣ። አራቱንም እንዲሁ። ‹‹ሾክህ አልሞተም፣ በቁሙ ነው የቀበሩልህ›› አሉኝና ሳቁ።

እዚህ ላይ የነገሩኝን ልጻፈው፣ መኪና ማውረድ ለሚያስብ ይጠቅማል። ሞላው መኪናውን ይሸከማል፣ ሾኩ ደግሞ ሞላውን ዝም ያሰኘዋል። አጭሩ ሞላ ከድሮው ይጠነክራል፣ ሾኩ ግን የተሠራው ለድሮው ለስላሳ ሞላ ነው። በዚያ ላይ መኪናው ሲወርድ የሾኩ ዘንግ ገና ከመነሻው 3 ሴንቲ ገብቶ ይጀምራል፣ መጫወቻው ይጠብበታል። ‹‹3 ሴንቲን ይችለዋል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል። ከዚያ በላይ ልውረድ ካልክ በዚህ ሾክ እኔ ጋ አትምጣ። ሞላ በግራይንደር አስቆርጬ ልምጣ ካልክ ደግሞ ጭራሽ አትምጣ።›› ዘይት መጣል ሲጀምር ሁለቱን ፊቶች ወይ ሁለቱን ኋላዎች አንድ ላይ እንድቀይር፣ አንዱን ብቻ እንዳልቀይርም ነገሩኝ።

የሞላዎቹ ካርቶን ውስጥ ደግሞ ታጥፎ የመጣ የመመሪያ ወረቀት ነበር። እኔ ጭራሽ ረስቼው ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ወረቀት የሚያነብ መካኒክ ስታዩ እጁን ያዙት። ለካ ሞላው ሲያጥር ስቶፐሩም በልኩ መቆረጥ አለበት፣ አለበለዚያ ሾኩ ሥራውን ሳይጀምር ስቶፐሩ ላይ ያርፋል። የት ጋ እንደሚቆረጥ ሥዕሉ ላይ አለ። አዲስ ስቶፐር አስገዝተውኝ ሁለቱንም በምላጭ ልክክ አድርገው ቆረጡ።

ሞላውን ሲጨምቁ ረዳታቸውን ልጅ ‹‹ፊት ለፊቱ አትቁም›› ብለው ገፋ አደረጉት። መጭመቂያዎቹን በሁለት በኩል ይዘው፣ አንዴ ይህን አንዴ ያንን፣ ትንሽ በትንሽ። ‹‹ሞላ ካመለጠ ዘመድ አያውቅም›› አሉ። እኔም ወደ ውሻው ጠጋ አልኩ።

ከኋላ ደግሞ መኪናዋን አንሥተው፣ ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ፣ ሞላውን በእጃቸው ለማዞር ሞከሩ። አልዞረም። ቢላላ ኖሮ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችል ነበር። የኋላ ሾኮቹን የታች ብሎን በአየር ላይ አላጠበቁትም። መጀመሪያ መኪናዋ በጎማዋ እንድትቆም አደረጉ፣ እኔን ከኋላ ወንበር አስቀምጠው ወዘወዙን፣ ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው አጠበቁት። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ የሾኩ ታች ጫፍ ውስጥ ያለው ላስቲክ፣ ቡሽ የሚሉት፣ እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። የቀድሞዎቹ ምን እንዳደረጉ መገመት አያቅትም።

በጣም የወደድኩት ግን የመጨረሻውን ነው። የፊት ሾኩን ዘንግ የአቧራ መከላከያ ወደ ላይ ሰብስበው ዘንጉ ላይ አንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አደረጉና ወደ ታች ገፏት። ‹‹ሰው ሙላና ኮብልስቶኑን ዞረህ ና።›› ጎረቤቴን፣ ረዳቱንና አንድ ወረፋ ጠባቂ ጭኜ ዞርኩ። ስንመለስ ማሰሪያዋ ሾኩ እየገፋት ወደ ላይ ወጥታለች፣ ከስቶፐሩ በታች ሁለት ጣት ሲቀራት ቆማለች። ጋሼ ሁለት ጣታቸውን መሃል አስገብተው ለኩና ‹‹በቃ፣ ይሄን ያህል ትርፍ አለህ›› አሉኝ። በሁለት ሳንቲም ዕቃ!

አላይመንት፣ የጎማዎቹን አቀማመጥ ለክቶ ማስተካከል ማለት ነው፣ እሳቸው ጋ የለም። ኮምፒውተር ያለው ቦታ ላኩኝ፣ ‹‹ኮሚሽን የለኝም፣ የፈለግክበት ሂድ፣ ግን ዛሬውኑ ሂድ›› ብለው። መኪና ሲወርድ የጎማው አቀማመጥ ይዛባል፣ ጎማዬን የበላውም ያለ አላይመንት መንዳቴ ነው። ሞላው ቦታውን ሲይዝ፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስነዳ፣ እንደገና እንዳስለካም ነግረውኛል፣ አስለክቻለሁ። ማታ ላይ ደግሞ ግድግዳ ፊት አቁመው የፊት መብራቶቹን አስተካከሉልኝ። ይሄን ማንም አልጠየቃቸውም።

የተቀበሉኝ ከመጀመሪያው ጋራዥ ግማሹን ነው። ጨመር ላደርግ ብል ተቆጡ።

ሁሉ ነገር ማር ነው እንዳትሉኝ፣ ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ጋሼ አይቸኩሉም፣ አንድ ቀን ተኩል ፈጅቶብኛል። ስልክ ሲያነሡ ዕድል ነው። መኪናዋም ከድሮው ትንሽ ደረቅ ብላለች፣ ኮብልስቶን ላይ ይሰማኛል፣ ባለፈው ዝናብ ጊዜ ደግሞ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ሆዷ አንዴ መሬት ነክቷል። ማንኳኳት ግን የለም። መሪው ቀጥ ብሏል። አዳማ ሄጄ ስመለስ በአንድ እጄ ነው የነዳሁት ብል ጋሼ ካነበቡት ይቆጡኛል፣ ይቅር።

መካኒክ ለምትፈልጉ፣ የፊት እግር፣ ሞላ፣ ሾክ፣ ቡሽ ከሆነ ጉዳዩ እሳቸው ጋ ሂዱ። ሞተርና ኤሌክትሪክ አይነኩም፣ ‹‹የማላውቀውን አልፈታም›› ይላሉ። ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሮ አሉ፣ እሁድና በዓል የሉም። አቅጣጫውን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እነግረዋለሁ። ሞላ ገዝታችሁ የምትሄዱ ካላችሁ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት እንዳትጥሉ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በጨርቅ ጠቅልለው ‹‹ቄንጡ ሲያልፍልህ ትመለስባቸዋለህ›› ብለው የሰጡኝ የድሮዎቹ አራት ሞላዎች አልጋ ሥር ናቸው። ባለቤቴ በጠረገች ቁጥር እየጠየቀችኝ ነው።