የድሮ ኤምጂ ከመግዛታችሁ በፊት ለእኚህ ሰው አሳዩ

እንግሊዝ አገር ለምትኖሩ፣ በተለይ የድሮ መኪና ፍቅር ላለባችሁ ነው የምጽፈው። በርሚንግሃም አካባቢ የሚሠሩ አንድ የአገራችን ሰው መካኒክ አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህም እንደወትሮዬ ጋሼ እላቸዋለሁ።

ለሽያጭ ወጥቶ ዓይኔን የያዘው የ1967 ሞዴል ኤምጂቢ ሮድስተር ነበር፤ ኤምጂ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት የሠራው፣ ጣሪያው የሚገለጥ ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ነው። ቀይ፣ ባለ ሽቦ ቸርኬ፣ ክሮም ፓራውልቱ የሚያብለጨልጭ፣ የሸራ ጣሪያው አዲስ። ማስታወቂያው “ሙሉ በሙሉ የታደሰ” ይላል። ኤምጂቢ ኦክስፎርድ አጠገብ አቢንግደን ከተማ ከ1962 እስከ 1980 ሲመረት የኖረ መኪና ነው። ቁጥሩ ከግማሽ ሚሊዮን ስለሚበልጥ ዛሬም ገበያ ላይ አይጠፋም፤ መለዋወጫውም እንደልብ ነው። ጣጣው ዝገቱ ነው። ለብቻው የቆመ ሻሲ የለውም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ራሱ ቦዲው ነው። የብረት ጣሪያ ስለሌለው ደግሞ ጭነቱ ከበሮቹ ሥር በሚያልፈው የላሜራ ሳጥን ላይ ይወድቃል። እሱ ከበሰበሰ መኪናው ወገቡ ይረግባል።

ጋሼ ቀለሙን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት ከኪሳቸው አወጡና ከበሩ ሥር ጀምረው ወደ ኋላ እያስጠጉ ሄዱ። እየያዘች ሄዳ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ስትደርስ ወደቀች። “እዚህ ጋ ብረት የለም፣ ስቱኮ ነው” አሉኝ በአማርኛ። ቀጥለው መኪናውን በክሪክ አነሱና በሩን ለመክፈት ሞከሩ። መሬት ላይ እያለ በደንብ ይከፈት የነበረው በር ነክሶ ያዘ። ሞተሩን ግን አስነስተው ጆሯቸውን ሰጡት፤ ባለ 1.8 ሊትር ነው፣ ሁለት ካርቡሬተር አለው። “ሞተሩ ጤነኛ ነው። ቢታመምም ይጠገናል፤ ይሄ ቦዲ ግን የመኪናውን ዋጋ ያህል ብየዳ ይጠይቅሃል” አሉኝ።

ሻጩን አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩትም። ያገኙትን አንድ በአንድ በእጃቸው አስነክተው አሳዩትና “አንተም ስትገዛው አልነገሩህም ይሆናል” ብለው አጽናኑት። እኔ ከሁሉም በላይ ያከበርኳቸው እዚህ ላይ ነው።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። እዚህ አገር 40 ዓመት ያለፈው መኪና ብዙ ካልተለወጠ በቀር ኤምኦቲ ከሚባለው ዓመታዊ ምርመራ ነፃ ነው። ስለዚህ ለሽያጭ የቀረበላችሁን መኪና ሥር ለዓመታት ማንም ጎንበስ ብሎ አላየው ይሆናል።

ኋላ የገዛኋትን የ1972 ሞዴል ያዩልኝም እሳቸው ናቸው። ቢጫ ቀለሟ ደብዝዟል፣ ወንበሯ ተሰንጥቋል፣ ሥሯ ግን ድንጋይ ነው። የሻሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ጌይደን ካለው የብሪታንያ የሞተር ሙዚየም የምርት መዝገብ የምስክር ወረቀት እንዳስወጣም መከሩኝ፤ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት ቀለምና የሞተር ቁጥር እዚያ ላይ ይገኛል። የነዳጅ ቱቦዎቿን ቀየሩልኝ፤ አሁን በየማደያው ያለው ኢ10 ቤንዚን (እስከ 10 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት) የድሮውን የጎማ ቱቦ ስለሚበላው ኤታኖሉ እስከ 5 በመቶ የሆነውን ኢ5 ብቻ እንድቀዳም አስጠነቀቁኝ። የፊት እግሯን ግራሶም ራሳቸው እየገፉ አሳዩኝ፤ ይሄ ከተረሳ ኪንግ ፒኑ፣ ማለትም መሪ ሲዞር የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ፣ ቶሎ ያልቃል።

የሚያስከፍሉት የምርመራውን ብቻ ነው። ግዛም አትግዛም ዋጋቸው ያው ነው፤ ከሻጭ ኮሚሽን አይቀበሉም። ትራይምፍና የድሮ ጃጓርም ያያሉ። ከጋራዥ የሚወጡት ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።